ምንም አታስቸግርም

ዙፋን ያለ ምን መኖር አትችልም?

ወይዘሮ ማህደር ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው ለአራተኛ ጊዜ አነበቡት። ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው የአቤቱታ ቅጽ ከጥያቄው ሥር የተተወላቸው አንድ መስመር ብቻ ነው። አጭር መስመር ናት። እሷኑ የሚሞላ ነገር ጠፋ።

ዙፋን የልጅ ልጃቸው ናት፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በእሳቸው እጅ ያደገች፣ ዘንድሮ አሥራ ስምንት የሞላት። ምን ትወዳለች ቢባሉ መልስ አያጡም ነበር። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ትወዳለች። ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮው ሥር ቆማ ማዳመጥ ትወዳለች። ቅጹ ግን የምትወደውን አልጠየቀም። ድንቹ ባይኖርስ? ያለውን ትበላለች። ቆርቆሮው ባይኖርስ? ዝም ብላ ትተኛለች። ወይዘሮ ማህደር በሐሳባቸው እያንዳንዱን ነገር ከልጅቱ ላይ እያነሡ አዩ፤ አልጋዋን፣ ጓደኞቿን፣ ደብተሯን፣ በመጨረሻም ራሳቸውን። ሁሉንም አንሥተው ሲጨርሱ ልጅቱ እንደ ቆመች ናት። አትወድቅም። እንዲህ አድርገው ያሳደጓት ራሳቸው ናቸው፤ ማንን ይውቀሱ?

ቅጹ የሚመለሰው እስከ ዓርብ ነው። መስመሩ ላይ የሚያሳምን ነገር ካልተጻፈ፣ ዙፋን ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ወደ ገመድ ትሄዳለች።

ገመድ የሚባለው በስተደቡብ በቀዝቃዛው ባሕር ላይ ኬልፕ የሚባል የሚበላ የባሕር አረም የሚለማበት ቦታ ነው። ኬልፑ በተዘረጋ ገመድ ላይ ይበቅላል፤ ሰዎቹም በገመድ ታስረው ያጭዱታል። የዙፋን እናት ሊድያ ለሦስት ዓመት ብላ ሄዳ ይኸው ዘጠኝ ዓመቷ። እሑድ እሑድ ድምፅዋ ይመጣል። "ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም፣ እናንተስ?" ትላለች። ወይዘሮ ማህደርም "እኛም ደህና ነን፣ አታስቢ" ብለው ይመልሳሉ። በየሦስት ዓመቱ ሰውን ከሚመድበው መዝገብ ቤት ደብዳቤ ይደርሳል፦ ተመዳቧ የጎደላት ነገር ስላልተመዘገበ ምደባዋ ታድሷል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ ወይዘሮ ማህደር አልቅሰው ነበር። ሁለተኛውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ሦስተኛው የት እንደ ገባ አያስታውሱም።

ወደ ገመድ የማይላኩት እዚሁ እንጅባራ ይቀራሉ። እንጅባራ ከሩቅ አገር የመጡትን ጥቁርና ነጭ ድቦች፣ ፓንዳዎቹን፣ ከተቀበለች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የራሳቸው ተራራ ሲሞቅባቸው ቀርከሃ የሚበቅልበት ደጋ በየአገሩ ተፈልጎ፣ የአዊ ደጋ ተገኘ። አሁን አሥራ አንድ ናቸው። ቀርከሃ ሲሰነጥቅና ሲያጎብጥ ያደገ ሕዝብ ዛሬ አንድ ዘንግ ቢቆርጥ ይጠየቅበታል። ወይዘሮ ማህደር በልጅነታቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ከዚያ የቀርከሃ ወንበር ሠሪ ሆነው ነበር። የቀረቻቸው ወንበር አንዲት ናት፤ ቁጥር ተለጥፎባት መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። በዓመት አንድ ጊዜ መኖሯን የሚያይ ሰው ይመጣል፣ ያያታል፣ ይሄዳል።

ሰው ሁሉንም ለምዶታል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የትኛው ተዳፋት ለፓንዳዎቹ እንደሚታጨድ በመንደሩ ድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ድምፅ ማጉያው ግን እንዳይደነግጡ እንደ ሹክሹክታ ነው የሚናገረው። ፓንዳዎቹ ለመራባት በሚገናኙባቸው ሦስት ቀናት ከተማው ጫማውን አውልቆ በወፍራም ካልሲ ይሄዳል፣ ሕፃናት ያሏቸው እናቶች ወደ ቆላ ዘመዶቻቸው ይወርዳሉ። የጥር የፈረስ በዓል አልቀረም፤ ፈረሶቹ ኮቴያቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጋልባሉ፣ ተመልካቹም እጁን ሳያጨበጭብ እያውለበለበ ያደንቃል። ዙፋን የፈረስ ኮቴ ድምፅ እንዳለው ከአያቷ ነው የሰማችው። ምን ይመስላል ብላ ስትጠይቃቸው ወይዘሮ ማህደር ጠረጴዛውን በጣቶቻቸው ሊመቱ አሰቡና ተዉት።

አሥራ ስምንት የሞላው ሁሉ ከሁለት በአንዱ ይመዘገባል፤ ተጠባቂ ወይም ተዘዋዋሪ። ተጠባቂ ከቦታው ቢነሣ የሚጎዳ ነው፤ ይቀራል፣ በፓንዳዎቹ አጥር ዙሪያ ሥራ ይሰጠዋል። ተዘዋዋሪ የትም ቢተከል የሚይዝ ነው። ትምህርት ቤት ሁለቱን የሚያስተምሩት በሥዕል ነው፤ በግራ ግዙፍ ፓንዳ፣ በቀኝ ኬልፕ። ስለዚህ በከተማው ማንም ተጠባቂ ተዘዋዋሪ አይልም። "የእገሌ ልጅ ፓንዳ ወጣላት" ይባላል፤ "የእነ እገሌ ኬልፕ ነው" ይባላል።

መዝገቡ ሰው የሚለየው የቤቱን ታላቅ ሰው ጠይቆ ነው። በመጋቢት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ትንሽ ሣጥን በደግ ሴት ድምፅ ስለ ዙፋን ጠየቃቸው። ወይዘሮ ማህደር ፀጉራቸውን አስተካክለው፣ ወንበራቸውን አቅንተው መለሱ። ምግብ ትመርጣለች? ኧረ በፍጹም፣ ያቀረቡላትን ነው የምትበላ። ስትታመም ምን ያስፈልጋታል? ምንም፣ ተኝታ ትነሣለች እንጂ ማንንም አታስቸግርም። ከቤት ርቃ ብታድር? አገር የምታኮራ ልጅ ናት፣ ከሰው ትላመዳለች። የምትጠይቀው ነገር አለ? ወይዘሮ ማህደር እዚህ ላይ ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ ይቺ ልጅ ውኃ እንኳ ሲጠማት ራሷ ቀድታ ነው የምትጠጣ። ምንም አታስቸግርም።" ሣጥኑ አመሰገናቸው። ያን ዕለት ደስ ብሏቸው ዋሉ፤ ለዙፋንም እንዴት አድርገው እንዳመሰገኗት ነገሯት። ዙፋን እቃ እያጠበች ነበር። ለአፍታ እጇ ውኃው ውስጥ ቆመና ቀጠለ።

በግንቦት መጀመሪያ ውጤቱ መጣ። ኬልፕ።

አቤቱታ ማቅረብ እንደሚቻል የነገሯቸው ጎረቤታቸው አቶ ደሳለው ናቸው። አቶ ደሳለው የአጥር ጠባቂ ናቸው፤ ኮሌታቸው ላይ የቀርከሃ ቅጠል ሳይጣበቅ የታዩበት ቀን የለም። ማክሰኞ ከሥራ ሲመለሱ ጎራ አሉና፣ ወይዘሮ ማህደር ከባዶው መስመር ጋር ተፋጠው ሲያገኟቸው በመጋቢት ምን ብለው እንደ መለሱ ጠየቋቸው። ሁሉን ሰሙ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

"እትዬ ማህደር፣ እርስዎ ልጅቱን ድረዋታል እኮ። የጠየቀዎት መዝገብ ነው፤ አማት መሰለዎት?"

ወይዘሮ ማህደር አልሳቁም። ስለ ልጄ ክፉ ላውራ ወይ ብለው ጠየቁ።

አቶ ደሳለው ክፉ ብቻ አይደለም፣ ውርደት ነው አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ራሳቸው ልጅ ሲጠየቁ ከአባቷ እጅ ካልሆነ አትበላም፣ ነፋስ ሲነካት ያስመልሳታል፣ ሰው ሲበዛ ትንቀጠቀጣለች ብለው ነበር የመለሱት። ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ እየሰማች። ሚስታቸው ለአንድ ሳምንት አላናገረቻቸውም። ልጅቱ ግን ይኸውና በየጠዋቱ ቅጠል ትሸከማለች፣ ማታ ቤቷ ትገባለች።

"ባለፈው ዓመት ትልቋ ፓንዳ የላይኛውን ተዳፋት ቀርከሃ አልበላም ብላ ፊቷን ስታዞር አላዩም? ኮሚቴ ተቋቋመላት። ሦስት መንደር ሙሉ ሰው ሲሮጥ ከረመ። ኬልፕን ማን ይጠይቀዋል? ይቆርጡታል፣ በማግስቱ በቅሎ ይጠብቃቸዋል።" አቶ ደሳለው ቅጠሉን ከኮሌታቸው ለቀሙና ኪሳቸው ከተቱት፤ መሬት መጣል ክልክል ነው። "የሚያስቸግር ነው የሚቀረው እትዬ። ችግር ይፈልጉላት።"

ዙፋን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወይዘሮ ማህደር ደብተሯን ጠየቋት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ያን ድርሰት ይጽፋል፦ ግዙፍ ፓንዳንና ኬልፕን አወዳድሩ። ምናልባት ልጅቱ ስለ ራሷ ያስቀመጠችው ፍንጭ ይገኝ ይሆናል ብለው ነው። እንዲህ ይል ነበር፦

"ፓንዳ ድብ ነው። አንጀቱ እንደ ሥጋ በል አንጀት ሆኖ የሚበላው ግን ቀርከሃ ነው፤ ከሚበላው ብዙው ስለማይፈጭለት የቀኑን ግማሽ ሲያኝክ ይውላል። ግልገሉ ሲወለድ ከአንድ ድንች አይበልጥም፤ ዓይኑ አያይም፤ እናቱ ካላቀፈችው ይሞታል። ኬልፕ ዛፍ ይመስላል እንጂ ዛፍ አይደለም፤ ከዕፅዋትም አይቆጠርም። ሥር የለውም። ሥር የሚመስለው ነገር ድንጋይ ለመያዝ ብቻ ነው፤ ምግቡን በመላ አካሉ ከውኃው ይወስዳል። ሲመቸው በአንድ ቀን ግማሽ ሜትር ያድጋል። አንዱ ያለ አንድ ነገር አይኖርም፤ ሌላው ባገኘው ሁሉ ይኖራል። ፓንዳ ሲሞት ስሙ ይነገራል። ኬልፕ ሲቆረጥ በከረጢት ይመጣል፣ እንበላዋለን። ከሁለቱ አንዱን ማቀፍ ይቻላል።"

መምህሩ ሙሉ ነጥብ ሰጥቷል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አስምሮባቸው ጎን ላይ "ከጥያቄው ውጪ" ብሎ ጽፏል።

ወይዘሮ ማህደር ደብተሩን ዘግተው መለሱላት። ጎበዝ አሏት። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥተው ቅጹ ላይ ጻፉ፦ ከድንች በቀር አትበላም፤ የኬልፕ ዱቄት በአፏ አይዞርም። ውሸት በሕይወታቸው ሲጽፉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ድንች የሚለውን ቃል ካዩት በኋላ ትንሽ እውነት መሰላቸው።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። የሚያረጋግጥ ሰው በሚቀጥለው ረቡዕ ከቤት ድረስ ይመጣል።

እስከዚያ ተለማመዱ። በከተማው የኬልፕ ዱቄት የማይበላበት ቤት የለም፤ በየሳምንቱ አረንጓዴ ከረጢት ይታደላል፣ ከገብሱ ጋር ተደባልቆ ቂጣ ይሆናል። ወይዘሮ ማህደር ቂጣውን ቆርሰው ወደ ዙፋን ዘረጉ።

"አልፈልግም" አለች ዙፋን።

"ኧረ እንዲህ ፊት አዙሮ ነው እንዴ? ቀስ ብለሽ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ በይ።"

"እምዬ፣ ጠግቤያለሁ ካልኩ አልራበኝም ማለት ነው። አትችልም አይሉኝም።"

"ታዲያ ሰው ሲያቀርብልሽ አልችልም ትያለሽ?"

ዙፋን ቂጣውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እሺ አለች። አልችልም የሚለውን ቃል አራት ቀን ተለማመደችው፤ እቃ ስታጥብ፣ ጫማዋን ስታሥር፣ ለራሷ በቀስታ። ቃሉ በአፏ እንግዳ ነበር። ወይዘሮ ማህደር ከጓዳ ሆነው እየሰሙ ልባቸው ይፈራል፤ ምን እንደ ፈራ ግን አያውቁትም።

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የምታረጋግጠው ሴት፣ ወይዘሪት ሶስና፣ መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ደረቷ ላይ አዝራር የምታክል ነገር ተሰክታለች፣ የምታየውን ሁሉ ለመዝገቡ የምታሳይ። ደጃፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ወይዘሮ ማህደርን እማማ ብላ ጠራቻቸው፣ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እሳቸው ትከሻዋን ይዘው አስቀሯት። የታችኛው ሠፈር ልጅ መሆኗን፣ አያቷን በወንበር ሥራ ጊዜ እንደሚያውቋቸው ተነጋገሩ። ጥሩ ልጅ ናት። ይህ ነው ነገሩን ያከበደው።

ጠረጴዛው ላይ ቂጣ በአዋዜ ቀርቧል፤ ለብቻው በትንሽ ሳህን ደግሞ የዙፋን ድንች። ሶስና ሥራ ላይ ነኝ አለች። ወይዘሮ ማህደር በሞቴ አሉ። ቁርሴን በልቻለሁ አለች። ቤቴ ገብተሽማ አፍሽን ሳታሟሺ አትወጪም አሉ። ሦስተኛ ሲለምኗት እጇን ታጠበች።

ሁለት ሦስት ጊዜ ቆርሳ በላች፤ ይጣፍጣል አለች። ከዚያ ቂጣውን በአዋዜ ጠቅልላ፣ በሦስት ጣቶቿ አስተካክላ፣ ወደ ዙፋን ዘረጋች። የመዝገቡ ሥርዓት ይሁን ወይም የቤቷ ልማድ፣ ከፊቷ አይለይም።

"አልችልም" አለች ዙፋን።

በደንብ ነው ያለችው። አልፈጠነችም፣ ፊቷን አላዞረችም። የሶስና እጅ ግን አልተመለሰም። "ከእጄ" አለች በለስላሳ ድምፅ።

"አልችልም።"

እጁ አየር ላይ ቀረ። አዋዜው በሶስና አንጓ ላይ በቀጭኑ ወረደ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም፤ ውጪም የለም፣ ከተማው እንደ ወትሮው ዝም ብሏል። ወይዘሮ ማህደር እጁን ያያሉ። የሰው ልጅ እጅ፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ከገበታቸው ላይ ተዘርግቶ የቆመ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ ነገር በፊታቸው ሆኖ አያውቅም።  ማንም ያልጠየቃቸው ድምፅ ከአፋቸው ሲወጣ ሰሙ።

"ኧረ ዙፋን፣ የእንግዳ እጅ አይመለስም።"

ዙፋን ዞር ብላ አየቻቸው። ቁጣ አልነበረባትም። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንደምታየው ዓይነት አየቻቸውና አፏን ከፈተች። ጎረሰች። አኘከች፣ ዋጠች። ከዚያ ባስተማሯት መሠረት "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች።

ሶስና እጇን ታጥባ በፎጣ ስታደርቅ አልቸኮለችም። ደረቷ ላይ ያለችው ነገር አንድ ጊዜ በአረንጓዴ በርታ ጠፋች። ደጃፉ ላይ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ቀና ሳትል፣ "ልጅዎ ጨዋ ናት እማማ" አለች።

"ተመስገን" አሉ ወይዘሮ ማህደር።

በማግሥቱ ውጤቱ መጣ፦ አቤቱታው ተመርምሯል፤ ምደባው ጸንቷል። አቶ ደሳለው ነገሩን ሰምተው መጡ፣ ሳይቀልዱ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ወይዘሮ ማህደር ይቅርታ ሊጠይቁ ሁለት ጊዜ ወደ ዙፋን አልጋ ሄደው ብርድ ልብሷን አስተካክለው ተመለሱ። ዙፋን እንደ ድሮዋ ነበረች። ያቀረቡላትን በላች። ቂጣም ቢሆን።

እሑድ የሊድያ ድምፅ በግድግዳው ሣጥን መጣ። ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም፣ እናንተስ? ወይዘሮ ማህደር መልስ ለመስጠት የሣጥኑን ቁልፍ ተጫኑ። ይህን ጊዜ እውነቱን ሊነግሯት ነበር፤ ልጅሽ እየመጣች ነው፣ ጎደለኝ በይ፣ የሆነ ነገር ጎደለኝ በይ ሊሏት ነበር። ቀይዋ መብራት በርታ ጠበቀቻቸው። 

"እኛም ደህና ነን" አሉ። "አታስቢ።"

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። መኪናው አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሏል፤ መኪኖቹ ድምፅ ስለሌላቸው መድረሱን የሚያውቁት በመስኮት በማየት ነው። ወይዘሮ ማህደር በወንበራቸው ላይ፣ ቁጥር በተለጠፈባት፣ ተቀምጠው መንገዱን ይጠብቃሉ። ቦርሳዋ ትንሽ ናት፤ ምን ልጨምርልሽ ብለው ጠይቀዋት ምንም ብላቸዋለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ድንች ቀቅለው፣ ልጠው፣ ሚጥሚጣ ነስንሰው አስቀምጠውላታል። እንፋሎቱ ገና ይወጣል። ዕቃ ቤት ካለው የመጨረሻው ድንች ነበር።

ዙፋን ፀጉሯን ሠርታ፣ ጫማዋን አሥራ መጣች። ከገበታው ፊት ተቀመጠች።  ቆርጣ ጥቂት ከአፏ ታደርጋለች ብለው ወይዘሮ ማህደር ጠበቁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቀረበላትን ትታ ተነሥታ አታውቅም።

መኪናው ደጃፉ ላይ ቆመ።

ዙፋን በአንድ ጣቷ ሳህኑን ገፋ አደረገችው፤ ብዙም አይደለም፣ አንድ ጋት ያህል፤ ወደ አያቷ በኩል። ተነሣች። ወይዘሮ ማህደር ከንፈራቸውን አላቀቁ፤ ቅመሽው እንጂ ሊሉ ነው፣ ምላሳቸው ላይ ደርሷል። በዚህኛው ጊዜ አስቀሩት።

ዙፋን ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ወደ በሩ ሄደች። ዞር አላለችም። ወጥታ፣ እንዳይጮኽ እጀታውን እስከ መጨረሻው ይዛ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።